ግድግዳው የተነሣ ዕለት

ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ልገላገል። እህቴም፣ ጎረቤቶቼም፣ የማዘጋጃ ቤት አለቃዬም እስካሁን እየደጋገሙ ይነግሩኛልና ከሰው አፍ ከምሰማው ራሴ ብናገረው ይሻለኛል።

ሙዚየሙ በአዲስ ዓመታችን በኖውሩዝ አሥራ ሦስተኛ ቀን ይከፈት ያልኩት እኔ ማህሮኽ ነኝ። ሺራዝ ተወልጄ፣ ሺራዝ አድጌ፣ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያች ቀን ከቤት ወጥቼ ሣር ላይ እየዋልኩ፣ በዚያች ቀን ሰው ጣራ ሥር እንደማይገባ ረሳሁት። መርሳትም አይባልም። በየዓመቱ ምንጣፌን ይዤ ስወጣ ለሽርሽር የምወጣ ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ ቤት የዋለውን ዓመቱን ሙሉ ክፉ ዕጣ ይከተለዋል ስለሚባል የምሸሽ መሆኔን ቁጭ ብዬ አስቤው አላውቅም። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። መናፈሻው ውስጥ በሌላ ጊዜ ያለው አራት ጡረተኛና አንድ ድመት ነው፤ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ግን እግር መጣያ የለም። ሰው ባለበት ቀን ካልከፈትን መቼ ልንከፍት ነው? አለቃዬ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ለመሄድ ሻንጣ እያዘጋጀ ስለነበር በስልክ «አንቺ ካልሽ ይሁን» አለኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉሃል ይኸው ነው።

ቤቱ ትንሽ ነው። አንድ ትልቅ ክፍል፣ ሁለት ትናንሽ ክፍሎች፣ አንድ ጓዳ። ድሮ የጽጌረዳ ውሃ ነጋዴ ይኖርበት ነበር። አጥሩ ፈርሶ ግቢው የከተማው መናፈሻ ሲሆን ቤቱ መሐል ላይ ብቻውን ቀረና የአትክልተኞች አካፋና የውሃ ጎማ ማስቀመጫ ሆኖ ኖረ። ዋናው ነገር የትልቁ ክፍል መስኮት ነው። መስኮት ስል እንደ ሌላው መስኮት እንዳታስቡት። ወደ ሣሩ የሚያየው ግድግዳ በሙሉ እንጨትና ባለቀለም ብርጭቆ ነው፤ ኦሮሲ እንለዋለን። አምስት መዝጊያ አለው። ወደ ጎን አይከፈትም፤ ከታች ተይዞ ወደ ላይ ይገፋና ከበላዩ ያለው ድርብ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ብርጭቆዎቹ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጡም፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ሚስማር የለው፣ ሙጫ የለው፤ እንጨት እንጨትን ነክሶ ነው የሚይዘው።

ያን መስኮት ያዳነው አባቴ ነው፤ የእጅ ባለሙያ ስለሆነ ኡስታ ፈትሑላህ ይሉታል። ሲረከበው ግማሹ ካርቶን፣ ግማሹ የአይጥ ጎጆ ነበር። ስድስት ዓመት ፈጀበት። አሁን ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዓይኑም ደክሟል፤ «ከእንግዲህ ብርጭቆ አልቆርጥም፤ ይህ የመጨረሻዬ ነው» ብሎናል። ስሙ በር ላይ እንዲጻፍ ብንለምነው እምቢ አለ። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዘንበል ስትልና ቀለሙ ወለሉ ላይ ሲፈስ፣ የማያውቀው ሰው ገብቶ መሐሉ ቆሞ እንዲያይለት። እኔና እህቴ መቶ ጊዜ አይተን መቶ ጊዜ አድንቀናል፤ እሱ ግን «የዘመድ አድናቆት አይቆጠርም» ይለናል።

ያን ዕለት ጠዋት በሦስት ሰዓት ለእህቴ ሠርግ ያሰፋውን ሱፍ ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ መጣ። በሩ አጠገብ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። መናፈሻው መሙላት ጀመረ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ የሻይ ማፍያው ሳሞቫር ተጣደ፣ አሽ የምንለው የወፍራም ሾርባ ድስት ከየመኪናው ወረደ፤ ሴቶቹ ጎመኑንና ባቄላውን ገና ከመቀመጣቸው ያማስላሉ፤ ልጆች የሰላጣ ቅጠል በጣፋጭ ኮምጣጤ እየነከሩ ይሯሯጣሉ። የሕዝብ ብዛት እንዳሰብኩት ሆነ። እንደውም በለጠ። ወደ ቤቱ ግን አንድም ሰው ዘወር አላለም።

አራት ሰዓት ሲሆን ራሴ ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹን ወጣቶች «ሙዚየሙ ዛሬ ተከፍቷል፤ በነጻ ነው፤ ኑ ግቡ» አልኳቸው።

አንደኛው ከጓደኞቹ ጋር ተያየና በሳቅ ፈረሰ። «እቴ ሙች፣ የዘንድሮ ውሸትሽ አሪፍ ናት! በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሙዚየም! ግን ስትዋሺ እንዲህ አትኮሳተሪ፤ ያስነቃብሻል።»

ይህንንም ረስቼው ነበር። በዚያች ቀን ውሸት እንደ ቀልድ ይፈቀዳል፤ ሰው ሁሉ ማልዶ ተነሥቶ ማንን እንደሚያሞኝ ሲያስብ ነው የሚውለው። የባሰ ቀን ልምረጥ ብዬ ዓመቱን ሙሉ ብፈልግ አላገኝም ነበር።

«ውሸት አይደለም! ያውና በሩ!» ብዬ ጮህኩ።

«በሩንም አብረሽ ነው የሠራሽው? በርቺ!» አለኝ።

አንዲት ሴትዮ ደግሞ አመነችኝ፤ ማመኗ ግን አልጠቀመኝም። «የኔ እህት፣ ዛሬ ጣራ ሥር ግቢ ትይኛለሽ? ምን በደልኩሽ?» ብላ ልጇን ወደ ራሷ ሳበች።

እስከ ቀትር ድረስ ሁለት ገቡ። አንደኛው ድመቱ ነው። ሁለተኛው አንድ ወፍራም ሰውዬ ነበር። አባቴ ሲመጣ አይቶት ተነሣ፤ ኮቱን ቆለፈ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እንኳን ደህና መጡ፣ ቤት ለእንግዳ» አለው።

«ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?» አለ ሰውዬው።

አባቴ ከበሩ ወጥቶ፣ እስከ ዛፎቹ ድረስ አብሮት ሄዶ፣ በሁለት እጁ እያመለከተ አሳየው። ከዚያ ተመልሶ መጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ኮቱን ፈታ።

«ማህሮኽ» አለኝ።

«አቤት አባዬ።»

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

ታውቃለህ እኮ ልለው ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት። «አሥራ ሦስት።»

«እህ» አለ። አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ንዴቴን የምችል ሰው አይደለሁም፤ አንድ ሰው ላይ ማራገፍ ነበረብኝ። ወይዘሮ ቱራን፣ በእኛ አፍ ቱራን ኻኖም የሚባሉ አሮጊት ከነልጅ ልጆቻቸው ልክ ከመስኮቱ ሥር ምንጣፋቸውን አንጥፈው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳችን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ሰማንያን ያለፉ፣ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ነጭ ቻዶር የለበሱ፣ ቤተሰቡን በዓይን ጥቅሻ የሚያሽከረክሩ ሴት ናቸው። ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«ኻኖም፣ ግድግዳችንን ከተደገፉ አይቀር አንድ እርምጃ ገብተው ቢያዩት ምን ይሆናሉ?»

«ግድግዳ መደገፍ ሌላ፣ ጣራ ሥር መግባት ሌላ» አሉ ቱራን ኻኖም፣ ፍሬ መፈልፈላቸውን ሳያቆሙ።

«አንድ ደቂቃ ብቻ! አንድ ደቂቃ ምን ያመጣል?»

«ምን ያመጣል? አንድ ጊዜ ልጄን ኩፍኝ ይዞት አሥራ ሦስተኛውን ቤት ዋልኩ። በዚያው ዓመት አማቴ ለሦስት ቀን ብላ መጣች፤ አሥራ አንድ ዓመት ተቀመጠች።»

ጥብስ የሚያራግበው ልጃቸው ቢዠን፣ ያ ኩፍኝ የያዘው፣ አሁን መላጣ የሆነ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። «እናቴ ሕግ ናት፤ ከሕግ ጋር አትከራከሪ» አለኝ።

እኔ ግን ተከራከርኩ። «ያውና እነዚያ ድንኳን ተክለው ውስጡ ተኝተዋል፤ እነሱስ?»

«ድንኳን ጨርቅ ነው።»

«በረንዳስ? ሰው በረንዳ ላይ ይውል የለም እንዴ?»

ቱራን ኻኖም እጃቸውን አቆሙ። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ሆኖ አገኙት። «በረንዳ ሦስት ግድግዳ ነው፤ አራተኛው ሰማይ ነው። በረንዳ ይፈቀዳል። አባቴም ዝናብ የጣለ ዓመት በረንዳ ላይ ነው የዋሉት፤ ዕድሜያቸውም ዘጠና ሦስት ደርሷል።»

አባቴ ለካ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር። ቀስ ብሎ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው።

«ኻኖም፣ ይህ ክፍል አንድ ግድግዳ ባይኖረው ይገቡ ነበር?»

«ኡስታ፣ ለኔ ብለው ቤት ሊያፈርሱ ነው?»

«ኧረ አላፈርስም። ላነሣው ነው» አለ አባቴ።

እነዚያ መዝጊያዎች ከታደሱ ጀምሮ አንድም ቀን ተነሥተው አያውቁም። እኔ አቧራ ልጠርግ ስጠጋ እንኳ ከጓዳ ሆኖ «እጅሽን!» የሚል ሰው ነው። «እንጨቱን መጀመሪያ አንድ ክረምት ይለፈው» ይል ነበር። ክንዱን ይዤ ወደ በሩ ጎተትኩት።

«አባዬ፣ ቢሰነጠቅስ?»

«ሊሰነጠቅ ይችላል።»

«ባይሰነጠቅስ? ከተነሣ እኮ ብርጭቆው ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ይቀራል! ማንም አያየውም! ስድስት ዓመት የለፋኸው ሰው ባዶ ቀዳዳ እንዲያይ ነው?»

«ባዶ ቤት ውስጥ ያለ ብርጭቆንስ ማን አየው?» አለኝ። ድምፁ አልተቆጣም። ከዚያ እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ።

አንዱን መዝጊያ ለማንሣት ሁለት ጠንካራ ሰው ይፈልጋል። ቢዠንና የእናቱ ሦስት አማቾች ተነሡ። አባቴ በሰልፍ አቁሞ እጃቸውን መረመረ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለው ቢዠንን።

«የጥብስ ቅባት ነው ኡስታ።»

«ታጠብ። በሳሙና። እስከ ክንድህ።»

የሃምሳ ዓመቱ ሰውዬ እንደ ተማሪ ወደ ቧንቧው ሮጠ። እናቱ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። አባቴ መዝጊያዎቹ የሚንሸራተቱበትን ቦይ ሁሉ በደረቅ ሳሙና አሸ፤ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ አዳመጠ፤ «ቀስ ብላችሁ፤ እንደ ሕፃን» አለ።

የመጀመሪያው ወጣ። ምንም ድምፅ አላሰማም፤ አባቴ ከሥሩ ሽብልቅ ወሸቀለት። ሁለተኛውም ወጣ። አሁን ከዙሪያው ያሉ ምንጣፎች ላይ የነበሩ ሰዎች ቆመው ማየት ጀምረዋል። ሦስተኛው ግማሽ መንገድ ላይ ተሰነቀረና ጮኸ። «አቁሙ!» አለ አባቴ። በዚያው ቅጽበት አንዲት ሰማያዊ ብርጭቆ ከቦታዋ ወጥታ የመስኮቱ ደፍ ላይ ወደቀችና ተሰበረች።

ቢዠን ፊቱ ነጣ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«መዓት ነበር፣ እሷ ወሰደችው!» አሉ ቱራን ኻኖም ጮክ ብለው። «ሰው ላይ ሊወርድ የነበረ ነው፤ ብርጭቆ ላይ ወረደ። ተመስገን!»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ስብርባሪዋን አየ። ከዚያ ቀና አለ። «ስድስት ሺህ አራት መቶ አሥር ብርጭቆ ቀርቶኛል» አለ። «በሉ ግፉ፣ ቆማችሁ ቀራችሁ እኮ።»

ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ በመጨረሻው ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ እጃቸውን ታጥበው ተሰልፈው ነበር፤ ያ ጠዋት የሳቀብኝ ወጣት ሳይቀር። ግድግዳው ጠፋ። ክፍሉና ሣሩ አንድ ሆኑ።

ቱራን ኻኖም ጫማቸውን አወለቁ። «ቢስሚላህ» ብለው አንድ እግራቸውን ከደፉ አሻገሩ። ቆሙ። ጣራውን ቀና ብለው አዩት፤ ጣራው አለ። ፊታቸውን ወደ ሣሩ አዞሩ።

«ቢዠን፣ ነፋሱ ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል እናቴ።»

«እንግዲያው ውጭ ነን። ድስቱን አምጡ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አለቃዬ ባይሰማው ጥሩ ነበር፤ ሰምቷል። ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ ተነጠፈ። የጽጌረዳ ውሃ ነጋዴው ክፍል ውስጥ ሦስት ድስት አሽና ሁለት ሳሞቫር ገባ፤ ደፉ ላይ ሰው እግሩን ወደ ሣሩ ሰዶ ተደረደረ፤ ጫማው በር ላይ ተከመረ። እኔ «እባካችሁ ሻዩን ከግድግዳው አርቁ» እያልኩ ስዞር ዋልኩ፤ ማንም አልሰማኝም፤ እንደውም ሳህን አስያዙኝ። አባቴን መሐል አስቀምጠው አበሉት። ስለ ነጋዴው ጠየቁት፣ ስለ ጣራው ጠየቁት፤ ሁሉንም መለሰ። ደስ ብሎት ነበር፤ ግን አልፎ አልፎ ዓይኑ ወደ ላይ፣ መዝጊያዎቹ ወደ ገቡበት ነጭ ግድግዳ ይሄድበታል።

ያ ወጣት «ኡስታ፣ ታዲያ እርስዎ የሠሩት የትኛውን ነው?» አለው።

አባቴ በጣቱ ወደ ላይ አመለከተ። «ግድግዳው ውስጥ ነው። ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «የዛሬው ምርጥ ውሸት!» አለ አንዱ፣ እጁን እያጨበጨበ። ግማሾቹ ሲነሣ አላዩም ነበርና በእውነት ውሸት መሰላቸው። አባቴም አብሮ ሳቀ። እኔ ግን ሳህኑን እንደያዝኩ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ አልቻልኩም።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ከተራራው በኩል ነፋስ ተነሣ። በመጀመሪያ የወረቀት ገበታ ልብሱን አበረረ። ቀጥሎ የጥብሱን አመድ አንሥቶ አሹ ላይ በተነው። የቱራን ኻኖም የልጅ ልጅ ልጅ፣ ገና ጥርስ ያላወጣች ሕፃን፣ አስነጠሰች። ደግማ አስነጠሰች። እናቲቱ ሻርፗን አወለቀችና ጠቀለለቻት።

አባቴ ተነሣ። «መዝጊያውን ባወርደው ነፋሱ ይቆም ነበር» አለ። ቀጥሎ ያለውን ለመናገር ከበደው። «ግን አራተኛው ግድግዳ ይመለሳል። እናንተ ውጡ፤ ከዚያ አወርዳለሁ።»

ሁሉም ቱራን ኻኖምን አየ። እሳቸው ሕፃኗን አዩ። ሦስተኛ ጊዜ አስነጠሰች።

«አውርዱት» አሉ።

«እናቴ፣ ጣራ ሥር...» አለ ቢዠን።

«ሰምቻለሁ። ለአንተም የነገርኩህ እኔው ነኝ። ክፉው ዕጣ ከመጣ ይምጣ፤ እዚሁ ቁጭ ብዬ አገኘዋለሁ። አውርዱት!»

የመጀመሪያውን አወረዱት። ፀሐይዋ በዚያ ሰዓት ከረጃጅሞቹ ጥዶች ግንድ መሐል ዝቅ ብላ፣ ፊት ለፊት ነበረች። የምንጣፉ አንድ ጫፍ ቀይ ሆነ። ሁለተኛውን አወረዱ፤ ነጩ የአሽ ሳህን አረንጓዴ ሆነ። ሦስተኛው ሲወርድ የቢዠን መላጣ ላይ ሰማያዊና ቢጫ ተረጨ፤ ሚስቱ በጣቷ ጠቁማ ልትስቅ አፏን ከፍታ ሳቁ ሳይወጣላት ቀረ። አራተኛው። አምስተኛው። ነፋሱ ቆመ። ነፋሱ ሲቆም ወሬውም ቆመ።

ያ ወጣት እጁን ዘርግቶ፣ መዳፉ ላይ ያረፈውን ቀለም እያገላበጠ ያያል። ሕፃኗ ምንጣፉ ላይ የወደቀችውን ቀይ ነጥብ ለማንሣት ትታገላለች፤ ይዣለሁ ብላ እጇን ስትከፍት ባዶ ነው፤ እንደገና ትሞክራለች። ማንም ወደ በሩ አልተነሣም። አሥራ ሦስተኛው ቀን፣ አራት ግድግዳና ጣራ፣ ከአርባ የሚበልጥ የሺራዝ ሰው፣ አንድም አልወጣም።

አባቴ እንደ ልማዱ ከመስኮቱ ጥግ ቆሞ ነበር። ብርጭቆዎቹን አልነበረም የሚያየው፤ የሰዎቹን ፊት ነው።

«ኡስታ» አሉ ቱራን ኻኖም። ነጭ ቻዶራቸው ላይ ነጭ ቦታ አልቀረም። «ግድግዳው ውስጥ ነው ሲሉ እውነትዎን ነበር ለካ።»

«እውነቴን ነበር ኻኖም።»

«ከውስጡ ተቀምጠው አይተውት ያውቃሉ?»

አባቴ አሰበ። «የለም» አለ። «ስሠራው ቆሜ ነበር።»

ቱራን ኻኖም ጠጋ አሉና አጠገባቸው ያለውን ምንጣፍ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ኑ እንግዲህ። ፀሐይዋ አትጠብቅም።»

አባቴ ኮቱን ቆለፈ። ጫማውን አወለቀና ከሌላው ሰው ጫማ አጠገብ አስተካክሎ አስቀመጠ። ቢዠን ቦታ ለቀቀለት። በሕፃኗና በአሮጊቷ መሐል እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ ቀይና ቢጫው ፊቱ ላይ ወጣ። እኔ ጓዳው በር ላይ ቆሜ፣ የያዝኩትን ሳህን እንደያዝኩ፣ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።